አልደርቅ ያለው ሰርፍቦርድ

አምሃ ይርጉ «አላውቅም» ከሚል ጥርሱን ቢያወልቁት የሚመርጥ ሰው ነው። መኪናው ሲበላሽ መጀመሪያ ራሱ ይፈታታዋል፤ ቀጥሎ ለሌላ ሰው ከፍሎ ያስገጥመዋል። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ራሱ ያጠብቀዋል፤ ቀጥሎ ቤቱ በውኃ ይጥለቀለቃል። ስለዚህ ሚሌኒየሙን ባከበርንበት ዓመት፣ አርሊንግተን ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጁ ማርያማዊት ከጓደኞቿ ጋር ጋልቨስተን ባሕር ደርሳ መጥታ፣ ሰዎች ማዕበል ላይ የሚቆሙበት ሰርፍቦርድ የሚባል ነገር እንዳማራትና ዋጋው ግን እንደማይቀመስ ስትነግረው፣ አምሃ ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰደም። ፎም ነው፣ ጨርቅ ነው፣ ማጣበቂያ ነው፤ ምን አላት፣ እኔው እሠራልሻለሁ አላት። ባሕሩ እሱ ከሚኖርበት፣ ዳላስ አጠገብ ካለችው ከሳክሲ ግማሽ ቀን የሚያስነዳ መሆኑ፣ እሱም ማዕበል ላይ የቆመ ሰው ያየው በቴሌቪዥን ብቻ መሆኑ ቅንጣት አላሳሰበውም።

ለፋሲካ ሐይቅ ከተማ ላሉት አባቱ ለአቶ ይርጉ ሲደውል ነገሩን በኩራት አጫወታቸው። አባቱ የሐይቅን ውኃ በታንኳ ሲሻገሩ ያረጁ ሰው ናቸውና ስለ ውኃ ነገር ማንም አያስተምራቸውም። ልጃቸው ያስረዳቸውን ሁሉ በትዕግሥት ሰምተው፣ «ይቆሙበታል ነው የምትለኝ? ምነው፣ መቀመጥ ማን ከለከላቸው?» ብለው ሳቁ። አምሃም ሳቀ። እየተሳሳቁ ሳለ የስልክ ካርዱ አለቀና መስመሩ ተቋረጠ።

የመጀመሪያው ቦርድ የተበላሸው በግንቦት መግቢያ ላይ ነው። አምሃ ለግድግዳ የሚሆነውን ነጭ ፎም ገዝቶ አጣበቀ፤ ማርያማዊት ከኢንተርኔት ባወጣችው ቅርጽ በመጋዝ ቆረጠው፤ በብርጭቆ ወረቀት ላገው። ኤርፖርት ጭነት ሲያራግፍ ውሎ ይመጣና ጋራዡ ውስጥ ገብቶ፣ ቅንድቡ ሳይቀር ነጥቶ፣ እንደ ወፍጮ ቤት ሠራተኛ እየሳለ ይወጣ ነበር። ከዚያ ያን ሁሉ የለፋበትን ሥራ ለመኪና ቦዲ መጠገኛ በሚሆን፣ ሲደርቅ በሚጠነክር ሬዚን ቀባው። ማንንም አልጠየቀም። ሬዚኑ ፎሙን በላው። ቅቤ የጋለ ድስት ውስጥ እንደገባ እየተንጨረጨረ ቀለጠና መካከሉ ላይ ሕፃን ልጅ የሚታጠብበት ጎድጓዳ ሠራ። ሽታው አጥር ተሻግሮ ጎረቤት ደረሰ።

አምሃ ጎድጓዳውን እያየ ሚስቱን ይጠብቅ ጀመር። አበዛሽ ግሬፕቫይን ካሉት ሆቴሎች በአንዱ የክፍል ጽዳት ተቆጣጣሪ ናት፤ አንሶላ ላይ አንዲት ፀጉር ካገኘች አልጋውን በሙሉ የምታስፈታ ሴት። ጋራዡ በነጭ ብናኝ ከተሸፈነ ጀምሮ ስድቡን እያጠራቀመችለት እንደሆነ ያውቃል። ዛሬ ያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወርድብኛል ብሎ ትከሻውን ሰብስቦ ቆመ። አበዛሽ ሆዬ በረዶ የተጨመረበት ውኃ ይዛ መጣች። የቀለጠውን ቦርድ አየች። እጇን ትከሻው ላይ አድርጋ፣ «አይዞህ፤ ሌላ ትሠራለህ። ሰው ከስህተቱ ነው የሚማረው» አለችው።

አምሃ ውኃውን ጠጣው፤ ንግግሯን ግን መዋጥ አቃተው። ይቺ ሴት «አይዞህ» የምትለው ለታመመ ሰው ብቻ ነው።

ጠርጥር፣ ከገንፎ መካከል አይጠፋም ስንጥር ይባላል። አምሃ መጀመሪያ የጠረጠረው መኪናዋን ነው። ገጭታው ይሆናል ብሎ ውጭ ወጥቶ ዙሪያውን ዞረው፤ ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ሳይቀር አየው፤ ጭረት የለበትም። ቀጥሎ ራሱን ጠረጠረ። ከጥቂት ሳምንት በፊት የደም ምርመራ ሰጥቶ ነበርና፣ ሐኪሙ ክፉ በሽታ አግኝቶበት ለሚስቱ ብቻ ነግሯት ይሆናል ብሎ ቀኑን ሙሉ ምላሱን በመስተዋት ሲያይ ዋለ። ማታ ደግሞ ወጥ ሦስት ጊዜ ስትጨምርለት ይኸውልህ፣ እየተሰናበተችህ ነው አለ ለራሱ።

ቅዳሜ ጠዋት ታፈሰ መጣ። ታፈሰ የአገሩ ልጅ ነው፣ ታክሲ ይነዳል፤ ልቡ ደግ ቢሆንም የጫማውን ክር ጎንበስ ብሎ ማሰር የሚከብደው ሰው ነው። እንግዲህ ይህ ታፈሰ አሮጌ ሱሪ ለብሶ፣ ጓንት ይዞ፣ ፎም ላግዝህ ብሎ መጣ። ግማሽ ቀን ሙሉ ሲልግ ዋለ። ሌላ ጊዜ ስለ ታክሲ ተሳፋሪዎቹ ካወራ አፉን የሚዘጋው ሞተሩ ሲጠፋ ነው፤ ያን ቀን ግን ፎሙን እያየ ብቻ ይልጋል። አምሃ ምን ሆነሃል ብሎ ቢጠይቀው ድካም ነው አለ። ሊሄድ ሲል ጓንቱን እያወለቀ፣ «ሶ፣ ስትጨርሰው ንገረን» አለው።

«ንገረን» ያለው ማንና ማን ሆኖ ነው ብሎ አምሃ ታክሲው እስኪርቅ አየው።

እሑድ ለአባቱ ሊደውል አዲስ ካርድ ሲፍቅ አበዛሽ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። እህቱ አይናዲስ ደውላ እንደነበር ነገረችው። አባባ ጸበል ወርደዋል፣ እዚያ ደግሞ ስልክ አይገባም፣ ሲመለሱ ራሳቸው ይደውላሉ ብላለች አለችው። ይህን ስትናገር ዓይኗ ሽንኩርቱ ላይ ነበር። ሽንኩርቱ ግን ከተከተፈ ቆይቷል።

አምሃ ካርዱን እንደያዘ ቀረ። አሁን ነገሩ ገባው። እንዳይገባው ቢፈልግም ገባው፤ ምክንያቱም ይህን ሥራ ያውቀዋል። ባለፈው ዓመት የጓደኛው የመዝገቡ እናት አገር ቤት ሲያርፉ፣ መዝገቡ የነርስነት ፈተናውን እስኪጨርስ ተብሎ መርዶው ሁለት ወር ተደብቆ ነበር። ያኔ «እናትህ ጸበል ወርደዋል፣ እዚያ ስልክ አይገባም» የሚለውን ለመዝገቡ የነገረው አምሃ ራሱ ነው፤ ታፈሰ አጠገቡ ቆሞ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ማለዳ በሩን አንኳኩቶ መርዶውን የነገረውም አምሃ ነው። ደግ የሠራ መስሎት ነበር። መዝገቡ ግን ከዚያ ወዲህ ሰላም ሲለው እጁን ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ለምን እንደሆነ አምሃ ያኔ አልገባውም፤ እንዲያውም ውለታ ቢስ ብሎ ተቀይሞታል።

ሌባ እናት ልጇን አታምንም። አምሃ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱን እንደ ፖሊስ ይመረምር ጀመር። የሳሎኑ ሶፋዎች ወደ ግድግዳው ተጠግተዋል፤ አበዛሽ ምንጣፉን ላጥብ ብዬ ነው አለች። ምንጣፉ አልታጠበም። ጓዳ ውስጥ አንድ ጆንያ ሽንኩርትና አንድ ጆንያ ምስር አገኘ፤ ቅናሽ ስለሆነ ነው አለች። የጆሮ ወርቋን አውልቃለች፤ አሳከከኝ ነው ምክንያቷ። አርሊንግተን የተጠሩበት ሰርግ ቀን ደግሞ ራሷን አመማት፤ ሰርግ ቀርቶ ክርስትና የማያመልጣት ሴት። ማርያማዊት ለሰመር ዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ ቤት ገብታለች፤ እሷም አባቷን ስታዋራው ግድግዳውን ነው የምታየው።

ለእህቱ ለአይናዲስ ደውሎ ቁርጡን አይጠይቅም ወይ ትሉ ይሆናል። ደውሏል። ኤርፖርት በምሳ ሰዓት፣ ጭነት መኪናው ጥላ ሥር ቆሞ ቁጥሩን አንድ በአንድ ነካ፤ ሳይጠራ ዘጋው። በማግሥቱም እንዲሁ አደረገ። ፈርቶ ነው። ያን የሚያህል ሰው፣ የሰው መርዶ በየቤቱ ሲያደርስ የኖረ፣ አንዲት «አዎ» ፈርቶ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ቤት ይገባል። አበዛሽ ትዋሸዋለች፣ እሱ ያመናት ይመስላል፤ ራት ይበላሉ፣ ይተኛሉ።

ቦርዱ ግን ይሠራ ነበር። ከመጀመሪያው ውርደት በኋላ ማርያማዊት ኢንተርኔት ላይ ስታነብ አድራ፣ ነጭ ፎም የሚወደው ኢፖክሲ የሚባለውን ሬዚን ብቻ እንደሆነ ነገረችው። ኢፖክሲ ሁለት ነገር ነው፤ ሬዚኑና ማጠንከሪያው። አምሃ ማጠንከሪያውን ወጥ ውስጥ ጨው እንደሚጨምር ሰው በዓይኑ ገምቶ ጨመረ። ሳምንት ሙሉ አልደረቀም። ማር እንደተቀባ ይጣበቃል፤ ዝንቡ፣ ትንኙ፣ የአበዛሽ የጠረጴዛ ጨርቅ ሳይቀር ተለጠፈበት። በምላጭ ፍቆ ጣለውና እንደገና ጀመረ። ስኒ ላይ ምልክት አድርጎ ከሬዚኑ ሁለት እጅ፣ ከማጠንከሪያው አንድ እጅ፣ ሳያዛንፍ ለካ። ያኔ ከመስተዋት ክር የተሠራው መሸፈኛ ጨርቅ ፎሙ ላይ ቆዳ መስሎ ተኛለት፤ በማግሥቱ ሲያንኳኳው ድንጋይ ሆኗል። ከኋላው እንደ ዓሣ ክንፍ የሚተከለውን ቀጥ አድርጎ ተከለ። አሁን የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመጨረሻው ቅብ።

ጥያቄው የበዛው እዚህ ላይ ነው። አበዛሽ ከሥራ ስትገባ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ቅዳሜ ያልቃል ወይ ትለዋለች። ታፈሰ ይደውላል፤ ቅዳሜ ነው እሑድ ይላል። አንድ ቀን መዝገቡ ራሱ መጣ። ያ ዓመት ሙሉ የተኮራረፉት ሰው ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ቦርዱን ከዳር እስከ ዳር በእጁ ዳሰሰው። ጥሩ ሥራ ነው አለ። መቼ እንደሚጨርሰውም ጠየቀ። ሲሰናበተው እጁን ብቻ አልሰጠውም፤ አቅፎት ከሚገባው በላይ ቆየ።

መዝገቡ ከሄደ በኋላ አምሃ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ ብሎ ነገሩን ፈታው። የታየውም ቅዠት አይደለም፤ ከእነሱ ጋር ቢቀመጥ ራሱ የሚመክረው ምክር ነው። ሐዘን ከገባ ዓመት ሙሉ ባሕር ወርዶ መጫወት የለም፤ ጋራዥ ገብቶ መላግ የለም። ስለዚህ ለልጁ የጀመረላትን ይጨርስ፣ ደስታውን ይጥገብ፣ ከዚያ እንነግረዋለን ተባብለዋል። ቦርዱ ባለቀ ማግሥት ማለዳ በሩ ይንኳኳል። ቦርዱ እስኪያልቅ ድረስ ግን አባቱ ጸበል ናቸው።

እንግዲህ ቦርዱ አላለቀም።

ቅዳሜ ማጠንከሪያውን አጉድሎ ቀባው፤ አልደረቀም። አበዛሽ «አይዞህ» አለችው። ምላጩን አንስቶ ፋቀው። በሳምንቱ ደግሞ አጎደለ፤ ደግሞ ፋቀ። በሐምሌ የዳላስ ሙቀት፣ አስፋልት በሚቀልጥበት ሰሞን፣ ድንጋይ ሆኖ ሊደርቅ ሲገባው የአምሃ ቦርድ ብቻ አልደርቅ አለ። ተሳስቶ የተማረውን ስህተት አሁን አውቆ ይሠራዋል፤ እውነቱን ለመናገር ሲሳሳት ከነበረው ይልቅ አሁን ተክኖበታል። ታፈሰ ቁሳቁሱ ሳይበላሽ አልቀረም፣ ይመለስና ሌላ ይገዛ እያለ ይናደዳል። አምሃ አንገቱን ደፍቶ ይፍቃል። እየፋቀም አባቱን ያስባቸዋል፤ አሉ እያለ ያስባቸዋል፣ ከዚያ የሉም እያለ፣ ከዚያ ይተወውና እጁን ያያል።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ስኒዎቹን ደርድሮ ሊለካ ሲል፣ ማርያማዊት ገባች። ዛሬ እኔ ልለካ አለችው። ይቅር፣ ይሸትሻል አላት። አልሰማችውም። ሬዚኑን ቀዳች፤ ማጠንከሪያውን ምልክቱ ድረስ ሞላች፤ አንዱን ባንዱ ላይ ገልብጣ በእንጨት ታማስለው ጀመር። አምሃ ቆሞ አያት። ስታማስል ቀና ሳትል ተናገረች።

«አባ፣ ሚክሱን አውቀህ ነው ሮንግ የምታደርገው፣ አይደል? ባለፈው አይቼሃለሁ።»

አምሃ ሊቆጣት አሰበ፤ ቁጣው አልመጣ አለው። ስኒውን ከእጇ ተቀበላት። ከዚያ ለማንም ያልተናገረውን ነገር ለልጁ ተናገረ።

«ከጨረስኩት ይነግሩኛል» አላት።

ማርያማዊት ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። ጓንቷ ላይ የነበረው ሬዚን ጉንጯን ነካው። መርዶ ሥርዓት አለው፤ ማለዳ ይመጣል፣ በሽማግሌ አፍ ይመጣል፣ ሰው ሁሉ መንገደኛ ነው ተብሎ ከሩቅ ይጀመራል። እሷ ይህን ሁሉ ማን አስተምሯት። ያላትን አማርኛ ሰብስባ ነገረችው።

«እኔ ንገሩት ብያቸው ነበር፤ ማሚ እምቢ አለች። እኔ ከዚህ በላይ መዋሸት አልችልም። አባ፣ አባባ ይርጉ ሞቷል። ከፋሲካ በኋላ። አሞት አልነበረም፣ ተኝቶ ነው። አባ፣ ሶሪ።»

አምሃ አልጮኸም። ስኒው እጁ ውስጥ መጋል ጀምሯል። የተቀላቀለ ኢፖክሲ ስኒ ውስጥ ከቆየ ይግላል፣ ያጨሳል፣ ከዚያ ድንጋይ ይሆናል፤ ለሐዘንተኛ ብሎ አይጠብቅም። አምሃ ስኒውን አየ፤ ልጁን አየ። ዞር ብሎ ሬዚኑን ቦርዱ ላይ ከራስጌ እስከ ግርጌ አፈሰሰው።

«ጫፉን ያዢ» አላት።

ያዘች። እሱ ከመካከል ወደ ዳር፣ ከመካከል ወደ ዳር ገፋው። እዚያ ጋ ቀርቷል ትለዋለች፤ ይመለሳል። አረፋ ሲያይ በጣቱ ይጫናል። ላቡ ይሁን እንባው ቅቡ ላይ እንዳይንጠባጠብ በክንዱ እየጠረገ፣ የመጨረሻዋን ጥግ ጨረሱ። ቅቡ እንደ መስተዋት ተኛ። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቶ አያውቅም።

ጓንቱን አወለቀና ባልዲው ላይ ተቀመጠ።

«ማን ቀበራቸው?» አላት።

ማርያማዊት አታውቅም። ይህን የሚያህል ነገር መጠየቅ እንዳለባት የነገራት የለም። ያን ጊዜ ከአምሃ ሆድ የወጣው ድምፅ ልጁ ከአባቷ ሰምታው የማታውቀው ነበር። «አባቴ» አለ፤ ደጋግሞ «አባቴ፣ አባቴ» አለ። ጉልበቱን በጡጫ እየመታ አለቀሰ። ማርያማዊት አጠገቡ ወለሉ ላይ ተንበረከከች።

አበዛሽ ከቤት ወደ ጋራዥ የሚያስገባውን በር ከፍታ ቆመች። ባሏን አየች፣ ልጇን አየች፣ ማንም የሚነግራት አላስፈለጋትም። ልጇን አልተቆጣችም። በነጭ ብናኝ መካከል ባሏ እግር ሥር ቁጭ ብላ ከእሱ ጋር አለቀሰች። ምንኛ እንደተሸከመችው አምሃ ከአለቃቀሷ አወቀ፤ ቢሆንም ንዴቱ መጣበት።

«ከፋሲካ ወዲህ ስንት ቀን ስስቅ አይተሽ ዝም አልሽኝ?» አላት።

አበዛሽ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«ትስቃለህ ብዬ ነበር የደበቅኩህ» አለችው። «ከልጅህ ጋር ትንሽ ትስቃለህ ብዬ። አንድ ቀን አልሳቅክም፣ አምሃ። በየቀኑ አይሃለሁ፤ አንድ ቀን አልሳቅክም።»

የያዘው ንዴት ሁሉ ለቀቀው። እጁን ራሷ ላይ አደረገና ሁለቱም እስኪደክማቸው እንዲያ ቆዩ። ከዚያ አበዛሽ ተነሥታ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረችና ለቅሶውን ለሰው እንዲያስታውቅ ለታፈሰ ልትደውል ገባች።